የሲሲሊ ጓዳ፦ ምን ይገዛል፣ እንዴት ይቀመጣል፣ ለምን ይበላሻል

የጣሊያን ምግብ መሥራት ያማረው ሰው ሱቅ ገብቶ ዓይኑን የሳበውን ጠርሙስና ቆርቆሮ ሁሉ ያነሳል። ከስድስት ወር በኋላ የተከፈተው ፔስቶ ሻግቷል፣ ውዱ ዘይት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጣዕሙ ጠፍቷል፣ ፓስታው ግን ዛሬም እንደ ድሮው በሽንኩርትና በሳልሳ ይበላል። ጓዳ ሲሞላ መነሻው የሱቁ መደርደሪያ ሳይሆን የሚበስለው ምግብ መሆን አለበት።

የሲሲሊ ምግብ ከጓዳ የሚፈልገው አምስት ነገር ነው፦ ቅባት፣ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ ጣፋጭ፣ እና ጥርስ ሥር ቀርጨም የሚል ነገር። ለእያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ዕቃ ካለ፣ ከገበያ የሚመጣው ደበርጃን፣ አበባ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና የዕለቱ ቲማቲም ብቻ ይሆናል። የደሴቲቱ የዕለት ምግብ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ምግብ ስለነበር ሥጋና ቅቤ ብዙም አያውቅም። ስለዚህ ለጾመኛ ቤት እንዲያውም ይበልጥ ይመቻል፤ ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ምግቦች አብዛኞቹ ወተትም እንቁላልም የለባቸውም። በጾም ዓሣ የማይበላ ቤት አንቾቪ የሚባለውን በጨው የተቀመጠ ትንሽ ዓሣ ትቶ፣ ካፐር በሚባለው የአበባ እምቡጥና በወይራ ፍሬ ጨውን ያገኛል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትግዙ። በመጀመሪያው ሳምንት ዘይት፣ ፓስታ፣ የታሸገ ቲማቲም፣ የቲማቲም ድልህ፣ ኦሬጋኖና ደረቅ ሚጥሚጣ በቂ ናቸው። በሁለተኛው ዙር በጨው የሚቀመጡት ይገባሉ፦ ካፐር፣ አንቾቪ፣ የወይራ ፍሬ፣ ከነሱም ጋር የወይን አቼቶ። ዘቢብ፣ ፒኖሊ የሚባለው የዛፍ ፍሬ፣ አልሞንድ፣ ሳፍሮን፣ የሽምብራ ዱቄትና ሴሞላ የሚባለው የዱረም ስንዴ ዱቄት የሚመጡት እነዚህ በትክክል እየተበሉ መሆናቸው ሲታይ ነው።

ዘይት

የሚገዛው «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚል ነው። ይህ ወይራው ተፈጭቶ ያለ ኬሚካል የወጣ፣ የአሲድ መጠኑም ከ0.8 በመቶ የማይበልጥ ዘይት ነው። «ፒዩር»፣ «ላይት» ወይም ዝም ብሎ «የወይራ ዘይት» የሚሉት የተጣራ ዘይት ላይ ጥቂት ጥሩ ዘይት የተጨመረባቸው ናቸው። ለመጥበስ ይሆናሉ፤ ሰላጣ ላይ ወይም የባቄላ ሾርባ ላይ ሲፈስሱ ግን ጣዕም የላቸውም። «ላይት» የሚለውም ጣዕሙ መቅለሉን እንጂ ቅባቱ ማነሱን አያመለክትም።

ጠርሙሱ ላይ ከዋጋው በፊት የሚነበበው ወይራው የተለቀመበት ወቅት ነው። በሲሲሊ ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው፤ ከለቀማው 18 ወር ያለፈው ዘይት ጥሩ ተቀምጦ ቢሆንም ደክሟል። ኖቸላራ ዴል ቤሊቼ፣ ቢያንኮሊላ፣ ቸራሱዎላ፣ ቶንዳ ኢብሌያ የሚሉ ስሞች ካያችሁ የደሴቲቱ የወይራ ዝርያዎች ናቸው። ኖቸላራ ጠንከር ያለና የአረንጓዴ ቲማቲም ሽታ ያለው፣ ቢያንኮሊላ ደግሞ ለስላሳና ለዓሣ የሚስማማ ነው።

ዘይትን የሚገድሉት ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው። ሁለት ሰው ያለበት ቤት 5 ሊትር ቆርቆሮ ከፍቶ በየቀኑ ሲቀዳ፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው አየር ቀሪውን አበላሽቶታል። ትልቁን የግድ ከገዛችሁ በከፈታችሁበት ቀን ጠቆር ባሉ ትንንሽ ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው ሞልታችሁ ክደኑ። ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ያለ ጨለማ ቦታ ይስማማዋል። የተከፈተ ጠርሙስ በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ወር ማለቅ አለበት።

መበላሸቱን ለማወቅ ትንሽ ሲኒ ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨምሩ፤ ሲኒውን በመዳፍ ይዛችሁ አሙቁት፤ ከዚያ አሽትቱ። የተቆረጠ ሣር ወይም የቲማቲም ቅጠል ከሸተተ ደህና ነው። የቀለም እርሳስ ሰም ወይም የከረመ ለውዝ ከሸተተ ለምግብ አይሆንም፤ ማብሰልም አያድነውም። ሲዋጥ ጉሮሮ ላይ የሚያቃጥለው ጉድለት አይደለም፣ የትኩስነት ምልክት ነው። ፍሪጅ ውስጥ የረጋ ዘይት እውነተኛ ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ሌሎች ዘይቶችም ይረጋሉ፣ ንጹህ የወይራ ዘይትም ላይረጋ ይችላል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ነጭ ሽንኩርት ወይም ትኩስ ቃሪያ ዘይት ውስጥ ከትቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ያድጋል፤ መርዙ ሽታም መልክም የለውም። እንዲህ ያለ ዘይት ከተሠራ ፍሪጅ ገብቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ቲማቲም በሦስት መልክ

የመጀመሪያው ፔላቲ ነው፦ ሳይቆራረጥ የተላጠ፣ በራሱ ጭማቂ የታሸገ ቲማቲም። 400 ግራም የሚል ቆርቆሮ ከ4 እስከ 6 ይኑር። ለወጥ የሚሆን ስጎ ለመሥራት የተቆራረጠውን አትግዙ። ቁርጥራጩ ቅርጹን እንዲይዝ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል፤ ሙሉው ግን በእጅ ሲጨመቅ ይፈርሳል፣ ሲበስልም ይሟሟል። ቆርቆሮው ላይ መጻፍ ያለበት ቲማቲም፣ የቲማቲም ጭማቂ፣ ምናልባት ሲትሪክ አሲድ ብቻ ነው። ሳን ማርዛኖ ከኔፕልስ አጠገብ ካለው ከአግሮ ሳርኔዜ-ኖቸሪኖ የሚመጣ ሲሆን ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ስም ነው። «ሳን ማርዛኖ ዓይነት» የሚል ሌላ ዕቃ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን የሲሲሊ ምግብ ያለ እሱም ይሠራል።

ሁለተኛው ፓሳታ፣ ማለትም ተወቅጦ የተጣራ ቲማቲም ነው፤ ለሾርባና ለፈጣን ስጎ 700 ግራም ጠርሙስ አንድ ይበቃል።

ሦስተኛው ድልህ ነው፤ የሲሲሊ ጓዳ ልቡ እዚህ ነው። በደሴቲቱ «ስትራቱ» ይሉታል። በነሐሴ ፀሐይ የተፈጨ ቲማቲም ጨው ተደርጎበት በጣውላ ላይ ይሰጣል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፣ ማታ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል። ከ10 ኪሎ ቲማቲም 1 ኪሎ ግድም ብቻ ይቀራል። እኛ አገር በርበሬ ለማስጣት ፀሐይ የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህን ሥራ ያውቀዋል። እሱ ካልተገኘ «ዶፒዮ ኮንቸንትራቶ» የሚል ድልህ ግዙ፤ በጣሊያን ደንብ ይህ ቢያንስ 28 በመቶ ደረቅ ነገር ያለበት ነው። ዝም ብሎ «ኮንቸንትራቶ» የሚለው 18 በመቶ ስለሆነ መጠኑ በግማሽ ያህል መጨመር አለበት።

ድልህ ጥሬውን ውሃ ውስጥ ከገባ ምግቡ የብረት ጣዕም ይይዛል። በዘይት ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይቁላላ፤ ቀለሙ ከደማቅ ቀይ ወደ ሸክላ ቀለም ሲለወጥና ዘይቱ ከዳር ሲለይ ደርሷል። ቆርቆሮው አንዴ ከተከፈተ የቀረውን እዚያው አትተዉት። ወደ ትንሽ የመስታወት ዕቃ ገልብጣችሁ ላዩን አስተካክላችሁ፣ በጣት ውፍረት ግማሽ ዘይት አፍስሳችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ቶሎ ካላለቀ በሾርባ ማንኪያ እየለካችሁ በበረዶ ማቀዝቀዣው ውስጥ አጠንክሩት።

ፓስታ

ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ ሴሞላና ከውሃ ብቻ ይሠራል። በጣሊያን ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ እንዲሁ ነው። ከፉርኖ ዱቄት የተሠራ ወይም የተቀላቀለ ፓስታ ውሃውን ያደፈርሳል፣ አንድ ደቂቃ ሲያልፍበት ይላሽቃል። ማሸጊያው ላይ ፕሮቲኑን እዩ፦ በ100 ግራም 13 ወይም 14 ግራም ጥሩ ነው። ከዚያ ፓስታውን ራሱን እዩ። ገርጣ ያለ፣ ዱቄት የነፋበት የሚመስልና ሸካራ ከሆነ በነሐስ ወንፊት የወጣና በዝግታ የደረቀ ነው፤ ስጎውን ይይዛል። ቢጫና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ስጎው ሳህኑ ሥር ይቀራል።

ለመጀመሪያ ሦስት ቅርጽ ይበቃል፦ ስፓጌቲ ወይም ቡካቲኒ፣ ሪጋቶኒ፣ ለሽምብራና ለምስር ደግሞ ዲታሊኒ የሚባለው ትንሹ። ደረቅ ፓስታ ለሲሲሊ አዲስ አይደለም። የጂኦግራፊ ሊቁ አል ኢድሪሲ በ1154 (እ.ኤ.አ.) ከፓሌርሞ አጠገብ ባለችው ትራቢያ «ኢትሪያ» የሚባል ደረቅ ፓስታ እየተሠራ በመርከብ ወደ ሌሎች አገሮች እንደሚላክ ጽፏል።

መጠኑ ለአንድ ሰው ከ80 እስከ 100 ግራም ነው። ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃ፣ ለ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው። ዘይት ውሃው ላይ አይጨመርም፤ ፓስታውን ሸፍኖ ስጎው እንዳይዘው ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ የተሰላው ለቆላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ 9 ደቂቃ የሚለው ስፓጌቲ 11 ወይም 12 ሊፈልግ ይችላል፤ ሰዓት ሳይሆን ጥርስ ነው መለኪያው። አንዱን ሰብራችሁ ስታዩት መሃሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ነጭ ነጥብ ሲቀር አውጡት። የቀረው የሚበስለው መጥበሻው ላይ ከስጎው ጋር ነው፣ አንድ ጭልፋ የፓስታ ውሃ ተጨምሮበት። ውሃው ውስጥ ያለው ስታርች ዘይቱንና ስጎውን ያያይዛል። ፓስታችሁ ላይ ዘይቱ ተለይቶ ሲንሳፈፍ ካያችሁ የጎደለው ይህ ውሃ ነው።

በጨው የሚቀመጡት

ካፐር የአንድ ቁጥቋጦ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። በአቼቶ የተቀመጠው ርካሽ ነው፣ ግን የአቼቶ እንጂ የካፐር ጣዕም የለውም። በጨው የተቀመጠውን ፈልጉ። በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል ያለችው የፓንቴሌሪያ ደሴት ካፐር ከሁሉ የታወቀ ነው፤ ትንንሹ ከትልልቁ ይበልጣል። 100 ግራም ለአንድ ቤት ወራት ይቆያል። ጨዉ እርጥበት እስካልነካው አይበላሽም፤ ስለዚህ በእርጥብ ማንኪያ አይቀዳም።

ከመጠቀም በፊት ጨዉን አራግፋችሁ፣ አጥባችሁ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት፤ መሃል ላይ ውሃውን ሁለት ጊዜ ቀይሩ። ከዚያ አንዱን ቅመሱ። ጨው የበዛበት ምግብ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው፤ ካፐሩ በደንብ ሳይነከር ገብቶ፣ አብሳዩም ድስቱን ሳይቀምስ ጨው ጨምሮበት። ካፐር፣ አንቾቪ ወይም የወይራ ፍሬ በገባበት ምግብ ጨው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ፣ ከተቀመሰ በኋላ ነው።

አንቾቪ ትንሽ የባሕር ዓሣ ነው፤ በጨው ለወራት ይበስላል። በደቡብ ሲሲሊ ያለችው ሻካ የምትታወቅበት ሥራ ነው። ሁለት ዓይነት ይሸጣል። በዘይት ያለው ለመጠቀም ዝግጁ ነው። በጨው ያለው ሙሉ ዓሣ ሥራ ይፈልጋል፣ ጣዕሙ ግን ሥጋማና ንጹህ ነው፦ ታጥቦ በጣት ለሁለት ይከፈላል፣ የመሃል አጥንቱ ከጭራው በኩል ይሳባል፣ ለ5 ደቂቃ ተዘፍዝፎ በጨርቅ ይደርቃል። የአንቾቪ ቆርቆሮ እንደ ቱና በከፍተኛ ሙቀት የተቀቀለ አይደለም። ስለዚህ ሳይከፈትም ቀዝቃዛ ቦታ፣ ቢቻል ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ መደርደሪያ ላይ ወራት ሲቆይ ይላሽቃል፣ ሽታውም ይከብዳል።

የወይራ ፍሬ ከነዘሩ ይገዛ። ዘሩ የወጣለት ውሃውን ጠጥቶ ጨዋማና ልፍስፍስ ይሆናል። አረንጓዴው ካስቴልቬትራኖ የተባለው ለስላሳና ቅቤ ቅቤ የሚል ነው። ዝርያው ያው ዘይት የሚወጣለት ኖቸላራ ዴል ቤሊቼ ነው። እኛ ወተት ዕቃ የምናጥንበት ወይራ የዚሁ ዛፍ ዘመድ ነው።

ሙዲካ፣ ወይም የተቆላ የዳቦ ፍርፋሪ

ይህ ከሱቅ አይገዛም። የሁለት ሦስት ቀን ዳቦ፣ ወተትና ስኳር ያልገባበት፣ ይፈረፈራል። ለ50 ግራም ፍርፋሪ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት በሰፊ መጥበሻ ይለካል፤ በዝግተኛ እሳት ሳይቋረጥ ይማሰላል። 6 ወይም 7 ደቂቃ ይፈጃል። የተቆላ የገብስ ቆሎ መልክ ሲይዝ ወዲያው ወደ ሳህን ይገለበጥ፤ የጋለው መጥበሻ ላይ ከተተወ በራሱ ሙቀት ያርራል፣ ይመርራል። ሱቅ የሚሸጠው ደቃቅ ዱቄት መሰል ፍርፋሪ ለመጥበሻ ነው፤ ፓስታ ላይ ሲሆን እርጥበት ጠጥቶ ይለጠፋል። የተቆላው በተከደነ ዕቃ አንድ ሳምንት ይቆያል።

አይብ ለመግዛት አቅም በሌለው ቤት ፓስታ ላይ የሚነሰነሰው ይህ ነበር። ዛሬም ዓሣ ባለበት ፓስታ ላይ አይብ የለም፣ ሙዲካ ነው። የፓሌርሞው የአንቾቪና የሙዲካ ፓስታ ጓዳው መሙላቱን የሚፈትን ምግብ ነው፤ ከነጭ ሽንኩርት በቀር ከገበያ የሚመጣ ነገር የለውም።

ለ4 ሰው፦ 400 ግራም ስፓጌቲ ወይም ቡካቲኒ፣ 10 ቁራጭ አንቾቪ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 60 ግራም ድልህ፣ 30 ግራም ዘቢብ፣ 30 ግራም ፒኖሊ፣ 80 ግራም የተቆላ ሙዲካ። ዘቢቡ ለ10 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል። ዘይቱ ላይ ነጭ ሽንኩርቱ በዝቅተኛ እሳት ይገባል፤ መሽተት ሲጀምር ድስቱን ከእሳት አውርዱና አንቾቪውን ጨምሩ፣ በእንጨት ማንኪያ እየጫናችሁ አሟሙት። እሳት ላይ እንዳለ ከገባ ይጠበሳል፣ ይፈናጠራል፣ ይመርራል። ከሟሟ በኋላ ወደ እሳት መልሳችሁ ድልሁን ለ3 ደቂቃ አቁላሉ፤ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ዘቢቡና ፒኖሊው ይጨመሩና ለ10 ደቂቃ ይንተክተክ። የፓስታውን ውሃ በዚህ ምግብ ለ1 ሊትር 7 ግራም ጨው ብቻ አድርጉ። ፓስታው ከስጎው ጋር ተዋሕዶ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ሙዲካው ይነሰነሳል፤ ቀድሞ ከገባ ይረጥብና ቀርጨም ማለቱ ይቀራል።

ኮምጣጣውና ጣፋጩ

አቼቶ የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው፣ ዕቃው ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ሱቅ የሚሸጠው ነጭ አቼቶ ብዙ ጊዜ ከወይን የተሠራ አይደለም፤ አሲዱ ብቻ አለ፣ ሽታው አፍንጫ ይመታል። ለሲሲሊ ምግብ ከወይን የተሠራ፣ ቀይም ነጭም ቢሆን፣ አሲዱ 6 በመቶ የሆነ ያስፈልጋል። ከሌለ የፖም አቼቶ ይሻላል። ነጩን ብቻ ካገኛችሁ ከመጠኑ ሲሶውን ቀንሱ።

ልኩን የምታሳየው ካፖናታ የምትባለው የደበርጃን ምግብ ናት። ለ1 ኪሎ ደበርጃን 60 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ 25 ግራም ስኳር፣ 300 ግራም ሰለሪ፣ 150 ግራም አረንጓዴ የወይራ ፍሬ፣ 40 ግራም ካፐር፣ አንድ ሽንኩርት፣ 200 ግራም ፓሳታ። ደበርጃኑ ለብቻው ይጠበሳል፣ ሰለሪው ለብቻው ይቀቀላል፤ ስኳሩ አቼቶው ውስጥ ሟሙቶ መጨረሻ ላይ ይገባና ሽታው እስኪበርድ 3 ደቂቃ ይቆያል። በዕለቱ ስትቀመስ አቼቶው ጎልቶ ይወጣል፤ ስኳር ለመጨመር አትቸኩሉ። በማግስቱ፣ ቀዝቃዛዋን፣ ሁሉም ቦታውን ይይዛል።

ዘቢብ ትንሹንና ጥቁሩን ምረጡ። ፒኖሊ የጥድ ዘመድ ከሆነ ዛፍ የሚገኝ ውድ ፍሬ ነው፤ የሜዲትራንያኑ ረዘምና ቀጠን ያለ ነው። አጠርና ሰፋ ያለው የእስያ ፍሬ አንዳንዴ ለቀናት የሚቆይ የብረት ምሬት አፍ ውስጥ ይተዋል። አደገኛ ባይሆንም ምግብ ሁሉ ይመርራል። ውድ ከሆነባችሁ የተላጠና የተከተፈ አልሞንድ ይተካዋል፤ እኛ ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒ ግን አይተካውም። የብሮንቴ ፒስታቺዮ በኤትና እሳተ ገሞራ ግርጌ ይበቅላል፣ የሚለቀመውም በየሁለት ዓመቱ ነው። ለጣፋጭ ካልሆነ ለመጀመሪያ ጓዳ አያስፈልግም። እነዚህ ፍሬዎች ሁሉ ቅባታቸው ቶሎ ስለሚበላሽ በማቀዝቀዣ ይቀመጣሉ፤ በረዶው ውስጥ አንድ ዓመት ይቆያሉ።

ጥራጥሬ

እዚህ የሐበሻ ጓዳ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የባቄላ ክክ ማኮ ለሚባለው ወፍራም ሾርባ ነው። 500 ግራም ክክ በ2 ሊትር ውሃ፣ ከአንድ እፍኝ እንስላል ጋር፣ እንደ ገንፎ ለስላሳ እስኪሆን ይቀቀላል፤ ጨው መጨረሻ ላይ፣ ዘይት ሳህኑ ላይ። ሲሲሊያውያን በተለይ በቅዱስ ዮሴፍ ቀን፣ በአውሮፓውያን ማርች 19፣ ይሠሩታል። እንስላል የግድ ነው፤ ጣሊያኖች የዱር ፊኖኪዮ የሚሉት ይኸው ነው።

የሽምብራ ዱቄት ፓኔሌ ለሚባለው በዘይት የሚጠበስ ቂጣ ነው፣ ስህተቱም የተለመደ ነው፦ ሽሮ አይሆንም። ሽሮ ተቆልቶና ቅመም ገብቶበት የተፈጨ ስለሆነ እንደ ጥሬው በደንብ አይረጋም። ጥሬ ሽምብራ አስፈጩ፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአሜሪካ የህንድ ሱቆች ውስጥ «በሰን» የሚባለውን ግዙ። ልኩ 1 ለ 3 ነው፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 1.5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ 10 ግራም ጨው። መጀመሪያ በቀዝቃዛው እንዳይጓጉል ይበጠበጣል፣ ከዚያ ከድስቱ ዳር እስኪላቀቅ ሳይቋረጥ ይማሰላል። ፓርስሊ ተከትፎ ይገባል። ትኩስ እያለ በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ፈጥናችሁ ዘርጉት፤ ከበረደ አይዘረጋም። ከረጋ በኋላ ተቆርጦ በ180 ዲግሪ ዘይት ይጠበሳል።

ሙሉ ሽምብራ ለ12 ሰዓት ይዘፈዘፍ። በደጋ ከተማ ያለ ሰው የግፊት ድስት ካለው አይርሳው፤ በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ሽምብራን ለሰዓታት ያንገላታል። ከሁለት ዓመት በላይ የከረመ ሽምብራ ደግሞ በቀላሉ አይበስልም።

ቅጠላ ቅጠል፣ አይብ፣ ዱቄት

ኦሬጋኖ ከነግንዱ የደረቀው ከተፈጨው በእጅጉ ይበልጣል። በመዳፍ እየታሸ ምግቡ ላይ ይወርዳል። ጦስኝ የሩቅ ዘመዱ ነው፣ ቢተካውም ጣዕሙ ሌላ ነው። በሶብላም የባሲል ዘመድ ቢሆንም ፔስቶ አይሆንም። ጥብስ ቅጠል ግን ያው ሮዝመሪ ነው። ሳፍሮን በክሩ ይገዛ፤ 0.1 ግራም ለ4 ሰው ይበቃል፣ በሙቅ ውሃ ማንኪያ ላይ ቀድሞ ይነከራል። እርድ ቀለሙን እንጂ ጣዕሙን አይሰጥም።

አይብ ለፍስክ ቀን፦ ከ24 ወር ግድም የቆየ ፓርሚጃኖ፣ ለደበርጃን ፓስታ ሪኮታ ሳላታ፣ ከተገኘ የሲሲሊ ፔኮሪኖ። በብራና ወረቀት ተጠቅልሎ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ይገባል፤ የተፈጨ አይገዛ፣ እንዳይያያዝ የተጨመረበት ነገር ስጎ ላይ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። የፓርሚጃኖ ቅርፊት አይጣልም፣ ከባቄላ ጋር ይቀቀላል።

ሴሞላ ሪማቺናታ በድጋሚ የተፈጨ ደቃቅ የዱረም ዱቄት ነው፤ የሲሲሊ ሰሊጥ ያለበት ዳቦና ያለ እንቁላል የሚቦካው የእጅ ፓስታ ከሱ ነው። ለ100 ግራም 50 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 10 ደቂቃ ማሸት፣ 30 ደቂቃ ማሳረፍ። ሻካራው ሴሞሊና ውሃውን ቶሎ ስለማይጠጣ ሊጡ ይሰነጣጠቃል።

ዱቄትና ጥራጥሬ እንደገቡ ከነማሸጊያቸው ለ4 ቀን በረዶ ውስጥ ይቆዩ፤ የነቀዝ እንቁላል በዚህ ይሞታል። ሲወጡ ማሸጊያው ሳይከፈት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተከፈተ አየሩ ውሃ ሆኖ ዱቄቱን ያረጥበዋል፣ ሻጋታም ይከተላል። ከዚያ በሚጠብቅ ክዳን ዕቃ ውስጥ ይገለበጣል። ከማሸጊያው ላይ የቅርጹ ስምና ደቂቃው ተቆርጦ ከውስጥ ይለጠፋል፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ የተከፈተበት ቀን በእርሳስ ይጻፋል። አዲሱ ከኋላ፣ አሮጌው ከፊት ይደረደራል፤ አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ ላዩ ላይ አይገለበጥም፣ ከሥር ያለው አንድ ነቀዝ ሁለቱንም ይጨርሳልና።